«ቱጌዘር» ሁሌም «አብሮ» ማለት ነው እንዴ? «አብሬ ሄድኩ» በእንግሊዝኛ ለምን አያስኬድም?

የእህቴ ልጅ ከመሃል ሜዳ መጥታ እዚህ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ሆና ነው የምትማረው፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ያው ፈተናው ስለደረሰባት ማታ ማታ እንግሊዝኛዋን ይዛ ነው የምታመሸው። ባለፈው ደብተሯን ይዛ መጣችና አንድ ዓረፍተ ነገር አሳየችኝ፣ «አይ ዌንት ቱጌዘር ቱ ደብረ ሲና» ይላል፣ ቱጌዘር የምትለዋ ቃል በቀይ ተከባለች፣ ለምን እንደተከበበች ግን የተፃፈ ነገር የለም። «ጋሼ፣ አብሬ ደብረ ሲና ሄድኩ አይባልም እንዴ? ምኑ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። በአማርኛ አብሬ ሄድኩ ማንም የሚለው ነገር ነው፣ መዝገበ ቃላት ብታወጡ አብሮ ለሚለው ቱጌዘር ይላችኋል፣ ስልካችሁ ላይ ያለው መተርጎሚያም ያንኑ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ ልጅቷ ያላደረገችው ነገር የለም፣ ቃሉን ቃል በቃል አስቀምጣዋለች። ስህተቱ የመጣው ሁለቱ ቃላት ትርጉማቸው ቢመሳሰልም አሰራራቸው ስለሚለያይ ነው፣ ይሄን ደግሞ ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም፣ እኔም ለሷ ሳስረዳ ነው ነገሩ ከመሰለኝ በላይ ሰፊ መሆኑን ያየሁት፣ እና ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ በሰፊው ልፃፈው።

ቃሉ መጀመሪያ ከየት መጣ?

ቱጌዘር የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛም ነበረ፣ ያኔ «ቶጋደረ» በሚመስል ድምፅ ነበር የሚባለው። ሁለት ነገር ተጣብቆ ነው የተሰራው፣ የመጀመሪያው «ቱ» ነው፣ ወደ ማለት፣ ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ «ጋዘር» ከሚባለው መሰብሰብ ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ነው። ስለዚህ ከስሩ ስናየው ወደ አንድ መሰብሰብ የሚል ሐሳብ አለበት ማለት ነው። ያኔ በ«ደ» ይባል የነበረው ድምፅ በኋላ ወደዛሬው ተቀየረ፣ ፋዘርና ማዘር የሚሉት ቃላትም ልክ እንደዚሁ ድሮ በ«ደ» ነበሩ።

የኛው አብሮ ደግሞ አበረ ከሚለው ነው፣ ተባበረ፣ ኅብረት፣ ማኅበር፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ በግዕዝም ኅቡረ ሲባል አንድ ላይ፣ በአንድነት ማለት ነው። የማርያም ማኅበር የምትጠጣ እናት ማኅበር ስትል አብሮ የሚለውን ቃል እየጠራች ነው፣ ሁለቱ አንድ ስር እንዳላቸው ልብ የሚል ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ስለ አፃፃፉም ባጭሩ፣ ስምንት ፊደል ነው፣ ፈተና ላይ ለሚጠፋባችሁ ሦስት ቦታ ቁረጡት፣ ቲ ኦ፣ ከዛ ጂ ኢ ቲ፣ ከዛ ኤች ኢ አር። ሦስቱም ራሳቸውን የቻሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ ገጥማችሁ ስትፅፏቸው ቱጌዘር ይሆናሉ። ስትሉት ደግሞ መጀመሪያው ላይ «ቱ» ብላችሁ አታስረዝሙት፣ ቶሎ «ተ» ብላችሁ እለፉና «ጌ» ላይ ጫን በሉ። እኛ «ዘ» የምንለው ድምፅ ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ብሎ የሚወጣ ነው፣ በአማርኛ ስለሌለ ነው በ«ዘ» የምንተካው።

ታዲያ «አብሬ ሄድኩ» ለምን በቱጌዘር አይሆንም?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

አማርኛው ላይ አብሮ የሚለው ቃል ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። አብሬ፣ አብረህ፣ አብረሽ፣ አብራ፣ አብረን፣ አብራችሁ፣ አብረው። ልክ እንደ በልቼ፣ በልተህ፣ በልታ ይረባል፣ ግስ ስለሆነ። እና ማን ነው አብሮ የሄደው የሚለውን ቃሉ ራሱ ይነግራችኋል፣ ከማን ጋር የሚለውን ግን መናገር ግዴታችን አይደለም፣ ከወሬው ይታወቃላ። እትዬ ደብረ ሲና ለለቅሶ ሄደች፣ እኔም አብሬ ሄድኩ፣ በቃ፣ የተጎደለ ነገር የለም።

ቱጌዘር ግን አይረባም። አንድ መልክ ነው ያለው፣ ሰው አይዝም፣ ስለዚህ ሰዎቹን ወይም ነገሮቹን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈልጎ ነው የሚያገናኘው። የሚያገናኘው ደግሞ ከአንድ በላይ የሆነ ነገር መሆን አለበት።

ለልጅቷ ያስረዳኋት በቀንበር ነው፣ የገበሬ ልጅ ስለሆነች ወዲያው ነው የገባት። ቱጌዘር ማለት ቀንበር ነው። ቀንበር በአንድ በሬ አንገት ላይ አይውልም፣ ጥንድ ይፈልጋል። «አይ ዌንት ቱጌዘር» ስትይ አንድ በሬ ላይ ቀንበር ጭነሽ እረሺ እያልሽው ነው፣ በሌላኛው በኩል ቀንበሩ መሬት ላይ ወድቋል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲሰማሽ ዓይኑ የሚሄደው ወደዛ ባዶ ወደሆነው በኩል ነው፣ ሌላኛው የታለ? ይላል።

ባለ አንድ በሬ ገበሬ ታዲያ ምን ያደርጋል? ይቀናጃል። በኛ አገር መቀናጆ አለ፣ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጅና ተራ በተራ ያርሳሉ። እንግሊዝኛም ላይ እንደዛው ነው፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱንም መጀመሪያውኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፣ «ማይ አንት ኤንድ አይ ዌንት ቱ ደብረ ሲና ቱጌዘር»፣ አክስቴና እኔ ማለት ነው፣ ጥንዱ ተሟላ። ወይም በቀላሉ «ዊ ዌንት ቱጌዘር»፣ እኛ ሲባል ብዙ ስለሆነ። ሁለተኛው ደግሞ «ዊዝ» የሚለውን መጠቀም ነው፣ ጋር ማለት፣ «አይ ዌንት ዊዝ ማይ አንት»። እዚህ ላይ ቱጌዘር ጭራሽ አያስፈልግም። «ቱጌዘር ዊዝ ማይ አንት» ብትሉም ስህተት የለበትም፣ ግን ከበድ ይላል፣ ደብዳቤ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ለዕለት ወሬ ዊዝ ብቻውን ይበቃል።

ሌላ ስህተት ደግሞ አለ፣ ዊዝን ዘሎ ቱጌዘርን በሱ ቦታ ማስገባት። አብረሽኝ ነይ ለማለት «ካም ቱጌዘር ሚ» የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ነው የሚገፋን፣ አብረሽኝ ስንል «ኝ» የምትለዋ ቃሉ ጫፍ ላይ ትለጠፋለች፣ ቱጌዘር ግን ከኋላው እኔን፣ እሱን፣ እሷን አይለጥፍም። «ካም ዊዝ ሚ» ነው። አብራኝ ናት «ሺ ኢዝ ዊዝ ሚ» ነው። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ለማለት ደግሞ «ኮሊግ» ይባላል፣ አብሮኝ የተማረ «ክላስሜት»፣ እነዚህ ላይ ቱጌዘር ጨርሶ አይገባም። አብሮ አደግ ግን ችግር ነው፣ እንግሊዝኛው እንደኛ ባለ አንድ ጥሩ ቃል አይሰበስበውም፣ የልጅነት ጓደኛ ይላሉ፣ ያ ደግሞ የኛን ያህል አይደለም፣ አብሮ አደግ ሲባል አንድ ግቢ፣ አንድ ከብት ጥበቃ፣ አንድ መአድ አለበት። ስለዚህ በዓረፍተ ነገር ብትሉት ይሻላል፣ «ዊ ግሪው አፕ ቱጌዘር»፣ አብረን ነው ያደግነው።

ጥንዱ የግድ ባለቤቱ መሆን አለበት?

የለበትም። እናቴ ዱቄቱንና ውሃውን አንድ ላይ ለወሰች ስንል የለወሰችው አንድ ሰው ናት፣ የተገናኙት ግን ዱቄትና ውሃ ናቸው፣ ስለዚህ «ማይ ማዘር ሚክስድ ዘ ፍላወር ኤንድ ዘ ወተር ቱጌዘር» ትክክል ነው። ሸማኔ የሸመነውን ጋቢ ሰፊ ሲገጣጥመውም «ሶው ቱጌዘር» ነው፣ የሚገጠሙት የጨርቁ ክፍሎች ናቸው። ከላይ ሲታይ አንድ የሚመስል ግን ውስጡ ብዙ የሆነም ነገር ይሆናል፣ ቤተሰብ፣ ቡድን፣ ክፍል፣ «ዘ ፋሚሊ ኢትስ ቱጌዘር» ይባላል፣ ቤተሰብ አንድ ቃል ቢሆንም ውስጡ ሰው ሞልቷል። በሽቦ ታስሮ የቆመ ወንበርም «ሄልድ ቱጌዘር» ይባላል፣ ወንበሩ አንድ ነው እግሮቹና መደገፊያው ግን ብዙ ናቸው። የሆነ ቦታ ላይ ሁለት ነገር እስከተገኘ ድረስ ቀንበሩ ይሰራል።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?

እኛ ምሳ አብረን በላን ወይ ደግሞ አብረን ምሳ በላን እንላለን፣ አብረን የግድ ከግሱ በፊት ነው የሚመጣው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ። እንግሊዝኛ ላይ ግሱ መሃል ነው፣ ቱጌዘር ደግሞ ከግሱ በኋላ ነው የሚመጣው፣ የሚበላው ነገር ካለ እሱንም ያሳልፈዋል። «ዊ ኤት ላንች ቱጌዘር»። «ዊ ኤት ቱጌዘር ላንች» አይባልም። ቦታና ጊዜ ካለ ደግሞ ከሱ በኋላ ይከተላል፣ «ዊ ኤት ላንች ቱጌዘር ኢን ደብረ ብርሃን የስተርደይ»፣ መጀመሪያ ምሳው፣ ከዛ አብሮነቱ፣ ከዛ ከተማው፣ ከዛ ትናንት። ከስም በፊትም አይገባም፣ የጋራ ምሳ ለማለት «ቱጌዘር ላንች» ብላችሁ እንዳትፅፉ፣ ለሱ «ሼርድ» የሚል ቃል አለ።

ደቦም ቱጌዘር፣ ወንፈልም ቱጌዘር?

ይሄ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቦታ ነው። አማርኛ አብሮ ለመሆን ብዙ ቃል አለው፣ አብሮ፣ አንድ ላይ፣ በጋራ፣ በኅብረት፣ ተያይዞ፣ ተጋግዞ፣ እኩል፣ ባንዴ። እንግሊዝኛው አብዛኛውን በአንድ ቱጌዘር ነው የሚሸፍነው፣ እና ስንተረጉም የኛ ልዩነት ይጠፋል።

ለምሳሌ ዝናብ አዝሎ የገብስ አጨዳ ሲደርስ አንዱ ሰው ደቦ ይጠራል። ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ ምግቡን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ሰው በዘፈን በሽለላ ያጭዳል፣ ቀኑ ሲያልቅ ሁሉም ወደቤቱ ነው። ወንፈል ደግሞ ሌላ ነው፣ ዛሬ አንተ እኔ ማሳ ላይ ከዋልክ ነገ እኔ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፣ ቀን በቀን ይመለሳል፣ ብድር ነው። ሁለቱንም «ዘይ ወርክድ ቱጌዘር» ብትሏቸው ሐሰት አልተናገራችሁም፣ አብረው ሰርተዋል፣ ግን ማን ጠራ፣ ማን አበላ፣ ማን ለማን ይመልሳል የሚለው ሁሉ ጠፋ። ቱጌዘር የሚነግራችሁ ሰዎቹ አንድ ላይ መሆናቸውን ብቻ ነው፣ በምን ስምምነት እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ ለውጭ ሰው ስታስረዱ ቱጌዘር ብላችሁ አታቁሙ፣ ቀጥሉበት፣ ወንፈል ከሆነ ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ይሰራል የሚለውን በእንግሊዝኛው ጨምሩ። ዕቁብም እድርም እንደዛው ነው፣ አብረው ገንዘብ ያዋጣሉ ማለት ብቻውን የትኛው ዕቁብ የትኛው እድር እንደሆነ አይለይም፣ ዕቁብ ላይ ገንዘቡ በዕጣ ተራ በተራ ለአንዱ አባል ይደርሳል፣ እድር ላይ ግን ሰው ሲሞት ነው የሚወጣው።

መንዝ ላይ ያለውን ጓሳ ደግሞ ውሰዱት። ሳሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ለማዋል፣ ከብቱንም በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ለማሰማራት የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስከዛሬ የተረፈው በዚህ ነው። ይሄን «ዘ ፒፕል ኦፍ መንዝ ሃቭ ፕሮቴክትድ ጓሳ ቱጌዘር ፎር ሴንቸሪስ» ብትሉት ያምራል፣ ትክክልም ነው። ግን እዚህ ላይ ቱጌዘር ማለት ሁሉም ሰው አንድ ቀን ወጥቶ ቆመ ማለት አይደለም፣ በጋራ፣ በደንብ፣ ትውልድ ከትውልድ ተቀባብሎ ማለት ነው። በአማርኛ አብረው ጠበቁት ከምንል በጋራ ጠበቁት ብንል የሚቀናን ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላስ ምን ትርጉም አለው?

ባንዴ ወይም እኩል የሚል አለ። ሁለት አውቶብስ አንዱ ከአዲስ አበባ አንዱ ከሸዋ ሮቢት ተነስተው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እኩል ቢገቡ «ዘይ አራይቭድ ቱጌዘር» ሊባል ይችላል፣ አብረው አልተጓዙም፣ ሰዓቱ ነው የገጠመው። ሁላችሁም ባንዴ አታውሩ የሚለውም ላይ ይኸው ቃል ይገባል።

ተደምሮ የሚልም አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ«ፑት» ጋር ነው የሚመጣው። የእኛን ሁላችንን ደመወዝ ብትደምሪው የሷን አያክልም ለማለት «ሺ ኧርንስ ሞር ዛን ኦል ኦፍ አስ ፑት ቱጌዘር» ይላሉ። ይሄ ፈተና ላይ ምንባብ ውስጥ ሲመጣ አብሮ ብላችሁ ከተረጎማችሁት ትርጉሙ ይበላሻል፣ ቁጥር ካለ አጠገቡ መደመርን አስቡ።

በተከታታይ የሚል ደግሞ አለ፣ ቆየት ባለ አፃፃፍ ላይ «ፎር ዴይስ ቱጌዘር» ይላል፣ ሳያቋርጥ ለቀናት ማለት ነው። ብዙ አያጋጥማችሁም።

አብሮ ይሄዳል ለሚለው «ጎ ቱጌዘር» ነው፣ ይሄኛው ከአማርኛው ጋር በጣም ይገጥማል። ሽሮና እንጀራ አብሮ ይሄዳል፣ ይሄ ሸሚዝ ከዛ ሱሪ ጋር አይሄድም እንደምንለው ነው።

ካፌ ውስጥ «አር ዩ ቱጌዘር?» ቢሏችሁስ?

ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ሂሳብ ሊቀበል የመጣ አስተናጋጅ ከሆነ የጠየቃችሁ፣ ሂሳባችሁ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ ማለቱ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ወደ ጓሳና ወደ አንኮበር የሚያልፉ እንግዶች ደብረ ብርሃን ሲያርፉ የምታስተናግዱ ልጆችም «ቱጌዘር ኦር ሴፓሬት?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ትሁትም አጭርም ነው። ስለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲወራ ግን «ዘይ አር ቱጌዘር» ከተባለ ፍቅረኛሞች ናቸው ማለት ነው፣ «ባክ ቱጌዘር» ከሆነ ተጣልተው ታርቀዋል ማለት ነው። ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ስብሰባ ገብታችሁ አብረን ነን ለማለት «ዊ አር ቱጌዘር» ብላችሁ ማስረዳት ከማትፈልጉት ነገር ውስጥ እንዳትገቡ፣ «ዊ ወርክ ቱጌዘር» በሉ፣ ግሱን ስታስገቡ ነገሩ ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አብረን ተኛን ነው። በኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ወይ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲበረታ እህትና እህት፣ የአክስት ልጅና የአክስት ልጅ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ አብረን ተኛን ይላሉ፣ ምንም የለበትም። «ዊ ስሌፕት ቱጌዘር» ሲባል ግን እንግሊዝኛው በቀጥታ የሚሄደው ወደ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ስለዚህ አንድ አልጋ ተጋራን ማለት ከፈለጋችሁ «ዊ ሼርድ ኤ ቤድ»፣ አንድ ክፍል ከሆነ «ዊ ስሌፕት ኢን ዘ ሴም ሩም» በሉ። ይሄን ማንም ክፍል ውስጥ አይነግራችሁም፣ አፋችን ስለማይደፍረው ይመስለኛል፣ ግን ልጆች ካላወቁት ሳያስቡት የሚናገሩት ነገር ስለሆነ መንገሩ ይሻላል።

ግስ ላይ ተለጥፎ ሲመጣ ለምን ትርጉሙ ይቀየራል?

እንግሊዝኛ ግስ ላይ ትንሽ ቃል እየለጠፈ አዲስ ትርጉም ማውጣት ይወዳል። «ጌት ቱጌዘር» መገናኘት ነው፣ ሰብሰብ ብሎ መጨዋወት። «ፑት ቱጌዘር» ከላይ መደመር ብለነው ነበር፣ ዕቃ ላይ ሲመጣ ግን መግጠም ነው፣ በክፍልፋይ የመጣ አልጋ ሲገጠም ማለት ነው፣ መፍታቱ ደግሞ «ቴክ አፓርት» ነው፣ አፓርት የቱጌዘር ተቃራኒ ሆኖ ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። «ስቲክ ቱጌዘር» አለመለያየት፣ መደጋገፍ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «ፑል ዩርሰልፍ ቱጌዘር» ነው። ቅድም አንድ በሬ ላይ ቀንበር አይጫንም ብለን ነበር፣ እዚህ ላይ ግን የሚነገረው አንድ ሰው ነው። እንዴት ሆነ? ሰውዬው ውስጡ ተበታትኗል፣ ልቡ አንድ ቦታ ሐሳቡ አንድ ቦታ ነው፣ የተበታተነውን ሰብስብ እየተባለ ነው። እኛም እኮ ራስህን ሰብስብ፣ ልብህን ሰብስብ እንላለን። ቱጌዘር ስሩ መሰብሰብ ነው ያልነውን አስታውሱት፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል። «ሺ ኢዝ ቬሪ ቱጌዘር» ቢባልም የዛው ዘመድ ነው፣ የተረጋጋች፣ ሰብሰብ ያለች ልጅ ናት ማለት ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ «ፑል ዩርሰልፍ ቱጌዘር» አይዞህ ማለት አይደለም። ቆጣ ያለ ነገር አለበት፣ በቃ አሁን ተው እንደማለት ነው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ብትሉት ያስከፋል፣ የኛ እግዜር ያጥናህ ውስጥ ያለው ርህራሄ እዛ ውስጥ የለም።

«ኦልቱጌዘር» እና «ኦል ቱጌዘር» ልዩነታቸው ምንድነው?

ስትናገሯቸው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስትፅፏቸው ግን አንዱ ተገጥሞ በአንድ ኤል፣ ሌላው ተለያይቶ በሁለት ኤል ይፃፋል። ተገጥሞ የተፃፈው በጠቅላላው ወይም ጨርሶ ማለት ነው። ገበያ ሄዳችሁ ሽንኩርቱም በርበሬውም ቅቤውም ተደምሮ 900 ብር ከሆነ በጠቅላላው ለሚለው የተገጠመው ነው። ጠላ መጠጣት ጨርሶ ተወ ለሚለውም እሱ ነው። ተለያይቶ የተፃፈው ግን ሁሉም አንድ ላይ ማለት ነው፣ ለፋሲካ ሁላችንም አንድ ላይ ነበርን። መለያው ቀላል ነው፣ ሁሉም የሚለውን ቃል ከቱጌዘር አርቃችሁ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ፣ ማለትም «ዊ ዌር ኦል ቱጌዘር» የሚለውን «ኦል ኦፍ አስ ዌር ቱጌዘር» ማለት ከቻላችሁ፣ ለይታችሁ ፃፉት።

«ቱጌዘር ዊዝ» ካለ ግሱ ለማን ነው የሚገዛው?

ይሄ ፈተና ላይ ይወዱታል። «ዘ ፋርመር፣ ቱጌዘር ዊዝ ሂዝ ሰንስ» ካለ በኋላ «ኢዝ» ነው ወይስ «አር»? ልጆቹ ስላሉ ብዙ ነው ብሎ ሰው «አር» ይመርጣል፣ መልሱ ግን «ኢዝ» ነው፣ ግሱ የሚያየው ገበሬውን ብቻ ነው፣ ልጆቹ ተከትለው ነው የመጡት። በአማርኛ አስቡት፣ ገበሬው ከልጆቹ ጋር ሄደ እንላለን፣ ሄደ፣ አንድ ሰው። ገበሬውና ልጆቹ ስንል ግን ሄዱ ነው። «ኤንድ» ማለት የኛ «ና» ነው፣ ያበዛል፣ «ቱጌዘር ዊዝ» የኛ ጋር ነው፣ አያበዛም። እዚህ ላይ አማርኛችን ነው የሚያድነን፣ ብዙዎቻችን ግን ፈተና ላይ ስንደርስ እሱን ትተን ነው የምንገባው።

ያልተፈለገ ቦታ ላይ የሚገባውን ደግሞ ልጥቀስ። መተባበር የሚለው «ኮኦፐሬት» በውስጡ አብሮነት ስላለ «ኮኦፐሬት ቱጌዘር» ማለት አብረን እንተባበር እንደማለት ነው፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ነው የተባለው። ንግግር ላይ ያልፋል፣ ማመልከቻ ላይ አውጡት።

«እንብላ» እና «አብሬሽ ነኝ» እንዴት ይባላሉ?

ምግብ ላይ ሆነን ሰው ሲመጣ እንብላ እንላለን፣ ትርጉሙ አብረን እንብላ ነው፣ ግን ለደረሰብን እንግዳ «ሌት አስ ኢት ቱጌዘር» ብንለው ቀጠሮ የያዝን ይመስላል። እነሱ «ጆይን አስ» ነው የሚሉት፣ እኛን ተቀላቀል፣ ከኛ እንብላ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ ካወራን በኋላ ልጅቷ ደብተሯን ዘጋች፣ ከዛ ትንሽ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ውጭ አገር ያለች ጓደኛ አለቻት፣ አብሮ አደጓ ናት፣ ጓደኛዋ እዛ ብዙ ስለቆየች አማርኛ መፃፍ እየጠፋባት በእንግሊዝኛ ነው የሚፃፃፉት፣ በቅርብ እናቷ ታማባታለች። «አብሬሽ ነኝ ልላት ፈልጌ ነበር፣ ቱጌዘር ብዬ ልፅፍላት ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ» አለች። ልክ ናት፣ አብሬሽ ነኝ «አይ አም ዊዝ ዩ» ነው፣ ቱጌዘር የለበትም። ቱጌዘርን የግድ ማስገባት ከፈለገች ግን ራሷንም እሷንም እኛ ብላ መጥራት አለባት፣ እንግሊዝኛውም ለዚህ የሚለው አለው፣ «ዊ አር ኢን ዚስ ቱጌዘር»፣ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለታችንም አለንበት ማለት ነው።

ሁለቱንም ፃፈችላት፣ መጀመሪያ አይ አም ዊዝ ዩ፣ ከስሩ ሁለተኛውን።